በአሸዋህ ውስጥ ያገኘሁት

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። አንደኛው ዓይንህ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ሌላ አንባቢ የለህም። ስለዚህ ከአንተ በፊት ለእሱ ጥቂት ቃል አለኝ። አንተ የምታነበው፣ እንዳትዘል። ጉሮሮህን እየጠራረግህ አንቀጽ እንዳታሻግር። ስለ አንተ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ እንዳታደርግ። የሐኪም ማዘዣ እንደምታነብ አድርገህ አንብበው፤ ፋርማሲስት ነህ፣ ከዚህ የባሰ ጽሑፍ ታነባለህ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዓሣህ ወይዘሮዋ ወለደች፤ አራት። ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳሎንህ ስገባ ገንዳው ውስጥ አሸዋው ላይ ተለጥፈው አገኘኋቸው። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ያህሉ ነበር። ሥራ ቦታ ስቲንግሬይ ወለደችልኝ ስል ማንም ስላልገባው፣ አንተ እንደምትለው «ጅራት ያለው ሳህን» አልኳቸው። የእያንዳንዳቸው ሆድ ሥር ባቄላ የሚያህል የአስኳል ከረጢት ተንጠልጥሏል። እሱ እስኪያልቅ ምግብ አይሹም። አንተ ይህን ሁሉ ታውቃለህ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። የጥርስ ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ መጀመሪያ ያደረግሁት የሳሎኑን በር ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ ማሰር ነው። ከዚያ ወረቀት አምጥቼ የአራቱንም ጀርባ ነጥብ በነጥብ ሳልኩ፤ ማንም መጥቶ አንዱን በሌላ ቢለውጥብኝ እንዳውቅ። ማን ይለውጥብኛል ብለህ ትስቅ ይሆናል። ሰው አንዴ ባልሠራው ነገር ከተሳቀበት በኋላ እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ወይዘሮዋ አምስት ወልዳ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ አምስቱም አለቁ። ከመውለዷ በፊት በነበረው ቀን ውሃ የቀየርኩት እኔ ነኝ። አንተ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ገንዳው ፊት ቆመህ «ውሃው ነው» አልክ፤ ሌላ አልጨመርክም። እሁድ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ አጎቴ «ዓሦቹስ?» ብሎ ጠየቀህና «የውሃ መርማሪዋ ልጄ በውሃ ጨረሰቻቸው» ብለህ መለስክ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አንተም ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እስኪ ይቺን መርምሪልን፣ እንዳንሞት» ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሱ አለኝ፤ ገና ስሜን እንኳን በቅጡ ሳያውቅ።

በዚያው ወር ከቤት ወጥቼ ሥራዬ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቅኸኝም።

ሥራዬን እንኳን አበላሸህብኝ አባዬ። ከተማው የሚጠጣውን ውሃ የምመረምር ሰው የገዛ እጄን ማመን አቃተኝ። አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እደጋግመው ጀመር። ኃላፊዬ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አይቶኝ «አንቺ፣ ውሃው ራሱ እስኪናዘዝልሽ ነው የምትጠብቂው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ለማስመሰል ሳቅሁ።

እንግዲህ ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በፊት የቤቱን ቁልፍ ይዞ ሲመጣ ምን እንዳሰብኩ ገምት። «አባዬ ለዓይኑ እኔ ጋ ይሰነብታል። ገንዳውን አንቺ ጠብቂ። ምንም እንዳትቀይሪ ብሏል። የማጣሪያውን ስፖንጅ እንዳታጥቢ፣ አሸዋውን እንዳትነኪ» አለኝ። የስፖንጁ ይገባኛል፤ ውሃውን የሚያጠሩት ረቂቅ ሕዋሳት እዚያ ነው የሚኖሩት። አሸዋው ግን? አሸዋ ምን ሆነና ነው የማይነካው? በልቤ ያዝኩት።

ደግሞስ አምስት ገደለች ያልካትን ልጅ እናቲቱን መልሰህ አደራ የምትሰጣት ለምንድን ነው? ወይ ይቅር ብለኸኛል፣ ወይ እንዳልገደልኩ ታውቃለህ። አንተ ደግሞ ቶሎ ይቅር የምትል ሰው አይደለህም። ሁለተኛው አመዘነብኝ።

ቤትህ ተመልሼ ገብቼ ጠበቅኋቸው። የማጣሪያው አፍ እንዳይውጣቸው በስፖንጅ ላይ የሴት ስቶኪንግ ደርቤ አሰርኩ። ማሞቂያው እንዳያቃጥላቸው በቀዳዳ ፕላስቲክ ከለልኩት። መብራቱን ቀነስኩ። ጠዋት ሥራ ስሄድ እቆጥራለሁ፣ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እቆጥራለሁ። «እህቷ» እያልክ የምትጠራውን ሁለተኛውን ስቲንግሬይም ከመውለዷ በፊት በፕላስቲክ ግድግዳ ለይቼው ነበር። እህቷ አይደለም፤ ወንድ ነው። ያኔ፣ አምስቱ ከመወለዳቸው በፊት፣ ነግሬህ ነበር።

«አባዬ፣ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጣት መሳዮች አየሃቸው? ወንድ ነው።»

«ሻጩ ሴት ናት ብሎኛል።»

«ሻጩን ተወው፤ አንተ እያቸው።»

«እያየሁ ነው። አንቺ ውሃሽን መርምሪ።»

የወይዘሮዋ ጠርዝ ቆሳስሎ ስናገኘውም «እሱ ነው የሚነክሳት፤ ሲጠጋት እንደዚያ ያደርጋል» አልኩህ። «ሴት ሴትን ምን ብላ ትነክሳለች? ፈንገስ ነው» ብለህ ዘጋኸኝ። ስትወልድም «ከሻጩ ቤት አርግዛ ነው የመጣችው» አልክ። ግትርነት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ባለ ሰባት ነጥቡ ጠርዙ ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ እሳት እንደነካው ወረቀት። አወቅሁት። ያኔም አምስቱ እንዲህ ነው የጀመራቸው። ከሥራ ስመለስ ሞቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀብረዋል። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ቀኑን ጽፌበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማስረጃ ነው አልኩ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ከቧንቧውም፣ የጎደለውን ለመሙላት ውሃ ከማሳድርበት በርሜልም በጠርሙስ ቀዳሁ። ቀጥሎ ጓሮ ያለችውን ተከራይህን፣ ፀጉር ሠሪዋን ጠረጠርኩ። ዓርብ ጠዋት በሯን አንኳኳሁ።

«ትናንት ምን ቀባሽ?»

«መጀመሪያ ደህና አደርሽ ይባላል።»

«ደህና አደርሽ። ትናንት ምን ቀባሽ? ሽታው ሳሎን ድረስ ገብቷል።»

«ቀለም። የአንዲት አስተማሪ ሽበት ሸፈንኩ። ምነው፣ ዓሣሽም ሸበተች?»

«ልጇ ሞተ።»

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «እኔ ገደልኩት ልትዪኝ ነው የመጣሽው? አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እኮ ያኔ እኔን አልጠረጠረም፤ አንቺን ነው የጠረጠረው። ስታለቅሺ በዚህ መስኮት ሰምቼሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ?»

ሐሰት አልተናገረችም። ከዚያ የቀለሙን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ውሰጂና መርምሪው። ስትጨርሺ ክዳኑን አጥብቀሽ ግጠሚ፤ ይደርቅብኛል።»

ለሥራ ከመውጣቴ በፊት ከገንዳው ውሃ ቀዳሁ። ከዚያ ከአንተ ትእዛዝ አንዱን አፈረስኩ፤ ከአሸዋው አንድ እፍኝ ወሰድኩ።

የምሳ ሰዓቴን ለዚህ አዋልኩት። ቧንቧው ንጹሕ፣ በርሜሉ ንጹሕ ነው። የፀጉር ቀለሙ ውስጥ ገንዳውን የሚበክል ነገር አላገኘሁም። የገንዳው ውሃ ግን መዳብ አለበት። አሸዋው ሲመጣ መሣሪያው ከሚለካው በላይ ሄደ። አቅጥኜ እንደገና ለካሁት። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱም ያው ሆነ። በእጄ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ የለቀቀኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። ደህና እጅ ነው።

ለሚያነበውም እንዲገባው በአጭሩ ልንገርህ። መዳብ ቅርፊት ያለው ዓሣ ይችለዋል። እንደ ወይዘሮዋ ያለው ቅርፊት አልባ ግን ትልቅ ከሆነ ይጎዳዋል፣ ጨቅላ ከሆነ ይገድለዋል። አሸዋው ውስጥ የደባለቅኸው ነጭ ድንጋይ መዳቡን ለዓመት ይዞ ይቆያል። ውሃው ሳይቀየር ሰንብቶ ሲጎመዝዝ መልሶ ይለቀዋል። «ምንም እንዳትቀይሪ» ስትሉኝ ውሃውን ያጎመዘዛችሁት እናንተ ናችሁ። የቤትህ ቧንቧ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍቼ ፈተሽኩ፤ ጨርቅና ባልዲ ብቻ ነው ያለው። መዳብ በእግሩ እየሄደ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ሰው አስገብቶታል።

ማን የሚለውን ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ጠዋት ስወጣ ከቀሩት ሦስት የትንሿ ጠርዝ መነሳት ጀምሮ ነበር። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ወጣሁና ሁለት አዳዲስ ሳፋ ገዛሁ። ተከራይህ ደንበኛዋን ፀጉሯ እንደተጠቀለለ አስቀምጣ የፀጉር ማጠቢያ ሳህኖቿን ይዛ መጣች። ጨቅላዎቹን በመረብ ማውጣት አይሆንም፤ በሳህን ከውሃው ጋር ነው ያወጣናቸው። ወንዱን ለብቻው በአንዱ ሳፋ አደረግነው፤ ወይዘሮዋን ሁለታችን ተሸከምን።

«ጅራቷ ወዴት ነው?»

«ወደ አንቺ።»

«ወደ እኔ ለምን? የጠረጠርሽኝ አልበቃ ብሎሽ ነው? ይህች ከወጋችኝ በአንድ እጄ ሹሩባ አልሠራም፤ አንቺ ትሠሪልኛለሽ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ሥሪና ይቅር እልሻለሁ» አለችኝ። ገንዳህን ባዶ አደረግሁት አባዬ። አሸዋውን በስምንት ባልዲ አውጥቼ ጣልኩ። ስፖንጁን ጣልኩ። ማጣሪያ ስለሌለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ የሳፋዎቹን ውሃ ግማሹን በጆግ እየቀዳሁ በራሴ እጅ እቀይራለሁ። ያንኑ፣ ገደልሽበት ያልከኝን ውሃ።

ቅዳሜ ወንድሜ ቢጃማህንና ሬዲዮህን ሊወስድ መጣ። ሳሎን ገብቶ ባዶውን መስታወት አየ። መጀመሪያ የተናገረውን ልብ በል።

«አሸዋውስ?»

ልጆቹስ አላለም። እናቲቱስ አላለም።

«ጣልኩት» አልኩት።

«አባዬ እንዳትነኪ ብሎሽ...»

«መዳብ አለበት። ከየት መጣ?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣና ምንም ሳያይበት መለሰው። «አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።»

«የምን ጠርሙስ?»

«የዓሣ መድኃኒት። ጠርዟ ቆስሏል፣ ፈንገስ ነው፣ አምጣልኝ አለኝ። አመጣሁለት።»

«ጽሑፉን ማን አነበበው?»

«እሱ ነዋ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።»

«ምን ይላል?»

«ቅርፊት ለሌላቸው አይሰጥም ይላል። ከታች፣ በደቃቁ።»

«አንተስ መቼ አነበብከው?»

«ከሞቱ በኋላ። ባዶውን ጠርሙስ ልጥል ስል።»

«ለአባዬ ነገርከው?»

አንገቱን አከከ። «ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ሆኗል፣ ተወው› አለኝ።»

«ከእሁዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«የትኛው እሁድ?»

«በእኔ የሳቃችሁበት።»

«አላስታውስም።»

የጎረቤቶቹን ሁሉ መድኃኒት በስሙ የሚያውቀው ወንድሜ ይህን አያስታውስም። ቢጃማህን አጣጥፌ ሰጠሁት። ሬዲዮህን ረስቶት ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። አንተ ሳታነብ የምትሠራ ሰው አልነበርክም። ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ይዘህ ሰዓት ውስጥ የምታስገባ ሰው፣ አንድ መስመር ጽሑፍ እንዴት አለፈህ? ከዚያ ሐኪምህ ለወንድሜ ያለውን አስታወስኩ፤ የዓይንህ ሕመም ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ ነው ብሎታል። ለእኛ ግን «ሰሞኑን ትንሽ ደከመኝ» ነበር ያልከው። ሱቅህን ስትዘጋ «ሰው ሰዓቱን ስልኩ ላይ ማየት ጀመረ» ብለህ አስቀኸን ነበር። አይደለም፤ ብሎኗ አልታይህ ብላ ነው። የወንዱን ምልክት ያላየኸው፣ የጥርሱን አሻራ ፈንገስ ያልከው፣ ደቃቁን መስመር ያለፍከው በግትርነት አልነበረም። አታይም ነበር። «እያየሁ ነው» ስትለኝ አታይም ነበር።

ስላላየህ አልወቅስህም። ዓይን ይደክማል። እኔ ጋ ብትመጣና «ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ» ብትል ለማንም ትንፍሽ ሳልል ዕድሜ ልክህን አነብልህ ነበር። የማልችለው ሌላውን ነው። «አላየሁም» ከማለት «ልጄ ገደለቻቸው» ማለት እንዴት ቀለለህ?

አሁንም እጠረጥርሃለሁ። አንዳንዴ፣ ጆጉን ይዤ ሳፋው ላይ ጎንበስ ስል፣ ገንዳውን ለእኔ የሰጠኸኝ እንዳገኘው ፈልገህ ይሆን እላለሁ። መናገር አቅቶህ «አሸዋውን እንዳትነኪ» ያልከኝ እንድነካው ይሆን? ልጅህን ታውቃታለህ፤ አትንኪ ያሏትን ሳትነካ አታድርም። ወይ ደግሞ ይህ እኔ ለራሴ የምተርተው ተረት ነው፤ አንተ የፈለግኸው ነገሩ ከአሸዋው ሥር ተቀብሮ እንዲቀር ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።

ጨቅላዎቹ ሰኞ የአስኳል ከረጢታቸውን ጨረሱ። ትናንት የምድር ትል ከትፌ ሰጠኋቸው። ሁለቱ በሉ። ጠርዟ ተነስቶ የነበረው ትንሿ ግን አፍንጫዋ ሥር ባስቀምጥላትም ዞር ትላለች። ዛሬ ጠዋት መጥታ ትሉ ላይ በሙሉ ሰውነቷ ተኛችበት። ሥራ አርፍጄ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትነሳ ትሉ የለም። ጠርዟም ተዘርግቷል።

ወንድሜ ትናንት ደውሎ «ስንት ቀሩ?» ሲለኝ ሁለት አልኩት። ዋሸሁት። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በልተዋል። እሁድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ፤ ስልኩን አንተው ራስህ ያዘው አባዬ። መጀመሪያ ስንት ቀሩ እልሃለሁ። ሁለት ካልከኝ ደብዳቤው እንዳልተነበበልህ አውቃለሁ፤ ፋሻህ እስኪነሳ ጠብቄ ራሴ መጥቼ አነብልሃለሁ። አንተ የምታነበው፣ ይህቺን ቁጥር ብቻ አንብበህ ሌላውን ልትዘል አስበህ ከሆነ፣ እሱንም አስቤበታለሁ። ያኔ ቀጥዬ ስለ እሁዱ ስጠይቀው አባዬ «የትኛው እሁድ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እንዳንተ።

ሦስት ካልከኝ አንድ ጥያቄ ብቻ እጨምራለሁ፤ የመድኃኒቱን ነገር ያወቅኸው ከዚያ እሁድ በፊት ነው በኋላ? በፊት ካልከኝ፣ እያወቅህ ነው የሳቅኸው ማለት ነው፤ እቆጣለሁ። በኋላ ካልከኝ፣ ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብለህ አየኸኝ ማለት ነው፤ እቆጣለሁ። ቁጣዬን ለምደኸዋል፤ ያልፋል። ለመመለስ ጊዜ ቢወስድብህ ስልኩን አልዘጋም፤ ትንፋሽህን እየሰማሁ እጠብቃለሁ። «አላስታውስም» ካልከኝ ግን ወይዘሮዋንና ወንዱን ለተከራይህ አደራ ሰጥቼ ሦስቱን ይዤ እወጣለሁ። ዓይንህ በርቶ ስትመለስ ታጥቦ የደረቀ መስታወት ነው የምታየው።

እስከ እሁድ፣ ውሃውን ጠዋትና ማታ እየቀየርኩ፣

ልጅህ።